ስንዴ የጎረሰው ነጋዴ

ነጋዴው በላይ የተገኘው ስንዴ ጎርሶ ነው።

በሽራ ድንኳኑ ውስጥ በጀርባው ተንጋሏል። ከግራ ጆሮው በላይ የተመታበት ቦታ ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። አፉ እስከ ጉሮሮው ድረስ በስንዴ ተጠቅጥቋል፤ ጥቂት ፍሬም ጢሙ ላይ ቀርቷል። በዙሪያው ለሽያጭ ከተደረደረው የብር መስቀል፣ አልቦ፣ ጎራዴና የጣሊያን ጊዜ ፋኖስ ግን አንዱም አልተነካም። ሌባ እንዳልገደለው ለማወቅ የእኔ የሃያ ዓመት ልምድ አላስፈለገም።

ዕለቱ ጥር 15 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ዓርብ ጠዋት ነው። እኔ መቶ አለቃ ሀብቴ አራጋው ያን ጊዜ የወልድያ የወንጀል መርማሪ ነበርኩ። የመርሳው አስር አለቃ እንድሪስ በስልክ ጠርቶኝ ስደርስ ድንኳኑን ሕዝብ ከቦታል። ሬሳ የተከበበበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሰው ሲያለቅስም፣ ሲያማትብም አይቻለሁ። የዚያን ቀን ያለቀሰም ያማተበም አልነበረም። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው ሬሳውን አዩና፣ እንትፍ ብለው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ።

ስለ ገበያው ካልነገርኳችሁ ሰውየው ለምን እንዲህ እንደተጠላ አይገባችሁም። መርሳ በየዓመቱ ጥምቀት በወጣ ማግስት ለአሥር ቀን ያህል የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆም ነበር። ነጋዴው ከደሴም ከቆቦም ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ፈረንጆች በላንድሮቨር እየመጡ ይገዛሉ። ከድርቁ ወዲህ ገበያው ደርቶ ነበር። በሰባ ሰባት ሰው የሚላስ የሚቀመስ ሲያጣ የእናቱን አልቦ፣ የአባቱን ጋሻ፣ የሠርጉን ዋንጫ አውጥቶ ለእፍኝ እህል ሰጠ። ያ ሁሉ ዕቃ አሁን ሽራ ላይ ተደርድሮ ይሸጣል። ከገጠር የሚመጣው ሰው የሚገዛ እንዳይመስላችሁ። የራሱን ዕቃ ሊያይ ነው የሚመጣው። አንዱ ጎንበስ ብሎ ዋንጫውን ያነሳል፣ ያገላብጠዋል፣ ቦታው መልሶ አስቀምጦት ይሄዳል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር፤ ግን ሕግ የሚከለክለው አልነበረምና ዝም እል ነበር።

በላይ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነበር። በድርቁ ጊዜ ከአስፋልቱ ዳር ተሠርቶ በነበረ አንድ መጠለያ የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበር። መጋዘኑ ባዶ ሆኖ መጠለያው ሲዘጋ እሱ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሆኖ ወጣ። እንዴት ብሎ የጠየቀው የለም።

እንድሪስ በመሐረብ የያዘውን ትንሽ የአንጥረኛ መዶሻ አሳየኝ። ጫፉ ደም ነክቶታል።

«ከእግሩ ሥር ነበር» አለ። «የአረጋዊ ነው። የብር አንጥረኛው። እጀታው ላይ ምልክቱ አለ።»

«ቆይ፣ አትቸኩል። ፋኖሱን አየኸው?»

«የትኛውን?»

«የሚሸጠውን አይደለም፤ ከአናቱ የተሰቀለውን። ጋዙ ሙሉ ነው፣ ክሩም አልተለኮሰም። ስለዚህ ትናንት ሳይመሽ ነው የሞተው። አሁን ስንዴውን እይ።»

እንድሪስ ከሟቹ ጢም ላይ ሁለት ፍሬ አንስቶ መዳፉ ላይ አገላበጠ። ቀላ ያለ፣ ደቃቃ ስንዴ ነው፤ ግማሹን ነቀዝ በስቶታል።

«የእኛ አገር ስንዴ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «የእርዳታው ነው። እኔም በልቼዋለሁ።»

«እርዳታው ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«እንግዲህ ይህቺን እፍኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቀመጠ ሰው አለ ማለት ነው» አልኩት።

*

ከበላይ ድንኳን አጠገብ ዶቃ የሚሸጡት እትዬ ቶይባ ናቸው። ሬሳውን መጀመሪያ ያዩትም እሳቸው ናቸው። ስጠይቃቸው ዶቃ መሰካታቸውን እንኳ አላቆሙም።

«ይህን ሰው ማን ይጠላው ነበር?» አልኳቸው።

«ማን ያልጠላው ብለህ ብትጠይቀኝ ቶሎ እጨርስልህ ነበር፣ የኔ ጌታ።»

«ትናንት የተጣላውን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ሦስት ሰው ነው።» መርፌውን ሻሻቸው ላይ ሰኩት። «ወልዴ የሚባለው ገበሬ የአባቱን ጋሻ አይቶ፣ ወይ ትመልሳለህ ወይ ራስህን ታጣለህ አለው። አንጥረኛው አረጋዊ ደግሞ መስቀል አነሳና፣ አባቴ የሠራውን መስቀል ከየት አመጣኸው ብሎ ጮኸበት። ሦስተኛዋ ከል የለበሰች ሴት ናት። እሷስ አልጮኸችም። ዕቃውን አንድ በአንድ አየችና፣ ድሪዬ የት አለ አለችው።»

«የምን ድሪ?»

«እሱም እንዲሁ ነው ያላት። የአንገት የብር ድሪ ነው፣ መሐሉ ላይ ጠገራ ብር የተንጠለጠለበት፣ ጠገራው ላይ ያለችው ንግሥት በራሷ ቁልቁል የሆነችበት አለችው። ሳቀባት። ገበያ የወጣ ዕቃ ባለቤት የለውም አላት። እሷም ሄደች።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ቀትር ላይ። እኔ ለአሱር ሶላት ተነስቼ ቤቴ ገባሁ። ያኔ በሕይወት ነበር፣ ለፈረንጅ አልቦ ያሳያል። ቀጥሎ ሠርገኛ በመንገዱ ሲያልፍ ገበያው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ሊያይ ወጣ አሉ። ያን ጊዜ ይሆናላ የጨረሱት።»

«ማን ይመስልዎታል?»

እትዬ ቶይባ ቀና ብለው አዩኝ። «ማንም ይሁን፣ ወላሂ፣ እጁን አላህ ይባርከው» አሉና ዶቃቸውን መሰካት ቀጠሉ።

*

ወልዴን ከሰዓት በኋላ አገኘሁት። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ ድምፁም ተዘግቷል። ገና ስሙን ስጠራ እሱ በላይን ጠራው።

«ሞተ አሉ» አለኝ። «እኔ ስላልገደልኩት ነው የሚቆጨኝ።»

«ትናንት ፀሐይ ልትገባ ስትል የት ነበርክ?»

«ሚዜ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ከሙሽራው ጎን አልተለየሁም፤ ስንዘፍን ነው በገበያው ያለፍነው።»

ሙሽራውን፣ ሌሎቹን ሚዜዎችና የሙሽሪትን አባት ጠየቅሁ። አባትየው ወልዴ ሲጨፍር የጎረቤት ሰሃን እንደሰበረ ሳይቀር ነገሩኝ። መቶ ሰው ያየው ሰው ነው። ወልዴን ተውኩት።

ወደ ጣቢያው ስመለስ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቁጭ ብላ አገኘሁ። ብርኽቲ ትባላለች፣ የአረጋዊ ሚስት ናት።

«ወሰዱት» አለችኝ። «መዶሻው መገኘቱን ስሰማ አይቀርም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ ምሳውን እንኳ አላስጨረሱት።»

«ማን ወሰደው? እኔ አላዘዝኩም።»

«ጓድ ካሳሁን ነው ያዘዘው። ሰኞ ደሴ ይሄዳል አሉኝ። ጌታዬ፣ ባለፈው ዓመት ደሴ የተወሰደው የጎረቤታችን ልጅ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የኛ ዘር ደግሞ አንዴ ከተወሰደ ማን ይመልሰዋል?»

ዘራችን ያለችው ትግሬ መሆናቸውን ነው። ያን ጊዜ ሰሜኑ ጦርነት ላይ ስለነበር ለአንድ ትግሬ አንጥረኛ ወንበዴ ለመባል መዶሻው ደም መንካቱ ከበቂ በላይ ነበር። አረጋዊም አባቱም መርሳ ተወልደው መርሳ ብር ሲያነጥሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ሴትዮዋ አልነገረችኝም፤ አገሩ የሚያውቀው ነገር ነው። ያለኝ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር።

*

ጓድ ካሳሁን የአካባቢው የፓርቲ ተጠሪ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቢሮው ስገባ ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ዘረጋልኝ። ከመሪዎቹ ምስል በታች የሚስቱ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ሰፊ የብር ድሪ አንገቷን ሞልቶታል። የድሪውን የታች ጫፍ ግን የካሳሁን ራስ ከለለብኝ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ አልቋል» አለኝ። «ወንበዴው ተይዟል፣ መሣሪያው ተገኝቷል። አንተ ማኅተምህን አድርግና ወደ ወልድያ ተመለስ።»

«ስንዴውስ?»

«የምን ስንዴ?»

«አፉ ውስጥ የተገኘው። የእርዳታ ስንዴ ነው።»

ጓድ ካሳሁን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታው። «ስንዴ ስንዴ ነው። ሰኞ በሦስት ሰዓት መኪናው ይመጣል።»

«ሰኞ ሦስት ሰዓት እስኪሆን ምርመራው የእኔ ነው» አልኩና ወጣሁ። ፈርቼም ተናድጄም ነበር። እውነቱን ለመናገር ንዴቱ ይበዛ ነበር።

አረጋዊ እስር ክፍሉ ጥግ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጣቶቹ በእሳት የተለበለቡ ናቸው።

«መዶሻህ እዚያ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ረቡዕ ድንኳኑን ሲተክል አውሰኝ ብሎ ወሰደው። ሐሙስ መልስልኝ ልለው ስሄድ ነው መስቀሉን ያየሁት። ከተናደድኩ በኋላ መዶሻውንም ረሳሁት፣ መቶ አለቃ።»

«ምስክር አለህ?»

«ምስክሬ በላይ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። «በማታው ቤቴ ነበርኩ፣ አብራኝ የነበረችው ብርኽቲ ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ማን ያምናታል?»

የእትዬ ቶይባ ነገር ትዝ አለኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠገራ ብር ላይ ያለችውን ንግሥት በራሷ ቁልቁል አድርጎ ድሪ የሚሠራ ሰው ታውቃለህ?»

አረጋዊ ቀና አለ። «አባቴ ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሠሩት፣ እሱም ተሳስተው። ሠርግ ደርሶ ሲያጣድፏቸው ቀለበቱን በታች በኩል በየዱት። ሊያስተካክሉት ቢሉ ሙሽራዋ እምቢ አለች። ተዉት፣ በዚህ ምልክት የኔ መሆኑ ይታወቃል አለች። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ያንን እያነሱ ይስቁ ነበር።»

«ሙሽራዋ ማን ነበረች?»

«የግራና ልጅ ናት። ሸዋዬ ትባላለች። ወርቁ የሚባል ገበሬ ነው ያገባት።»

*

እንድሪስን ወዲያውኑ ወደ ግራና ላክሁት። በጭነት መኪና ሄዶ በሌላ ተመለሰ፤ አሥር ሰዓት ላይ ጣቢያ ደረሰ።

«ወርቁ በድርቁ ጊዜ መጠለያው ውስጥ ነው የሞተው» አለኝ። «ሴትየዋ ከዚያ ወዲህ ከላቸውን አላወለቁም፣ ተዝካሩንም አላወጡም። ለምን ቢባሉ፣ ደሙ አልተመለሰም ይሉ ነበር አሉ።»

«ሐሙስ ማታስ?»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ግራና ገብተዋል። ከገበያ አብረዋቸው የተመለሱ አምስት ሴቶች መስክረዋል። ብቻ አምስቱም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት፤ አንዷ ጀምራ ሌላዋ የምትጨርሰው ይመስላል።»

«ቤታቸው ምን አየህ?»

«ዳስ እየተጣለ ነው። ዓርብ ጠዋት በላይ ሞተ ሲባል፣ እግዜር ደሙን መለሰልኝ ብለው ተዝካሩን ጠርተዋል። ነገ እሑድ ነው። አገሩን ሁሉ ጠርተዋል፣ እርስዎንም ጭምር። መርማሪህንም ይዘህ ና ነው ያሉኝ። ለኔማ ግሩም ብርዝ ሰጡኝ፣ መቼም አንጀት ያርሳል።»

ደሙ እንዲመለስ ሁለት ዓመት የጠበቀች ሴት፣ ደመኛው በሞተ ማግስት ተዝካር ብትጠራ የሚገርም አይደለም። ማንም ያደርገዋል። የአምስቱ ሴቶችም ቃል ቢሆን፣ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተስፋ ቆርጬ ነበር ብል እመኑኝ። ማኅተሜን ይዤ ወደ ወልድያ ልመለስ ወይስ ልሟገት እያልኩ ነው እሑድን የጠበቅኩት።

*

ግራና የደረስነው ቄሶቹ ፍትሐት ጨርሰው ሲወጡ ነው። ዳሱ ሙሉ ነው። ሕዝቡ ሲበላ ሲጠጣ ሀዘንተኛ አይመስልም፤ ድል ያደረገ ነው የሚመስለው። በላይን በስሙ የሚጠራው የለም፣ «ያ ውሻ» ነው የሚሉት።

ወይዘሮ ሸዋዬ ቀጭን፣ ፊታቸው ፀሐይ የበላው ሴት ናቸው። ራሳቸው መጥተው አስቀመጡኝና በጣሳ ጠላ ቀዱልኝ። እንድሪስ እንደ ትናንቱ ብርዙን ተቀብሎ ዳር ላይ ቆመ።

ጣሳውን አነሳሁና ጠጣሁ። ከዚያ ደግሜ ጠጣሁ፤ ከጥም የተነሳ አልነበረም።

እኔ የባላገር ልጅ ነኝ። እናቴ በጠላዋ የታወቀች ሴት ነበረች። ያ ጠላ ጉሽ አልነበረም፣ የተጣደፈም አልነበረም። ጠልሎ፣ በስሎ፣ ዓይን መስሎ የወረደ ጠላ ነው። ወደ ጓዳው ዘወር ብዬ ስመለከት እንዲህ ዓይነት ጠላ የያዙ አራት ጋኖች ተደርድረዋል። ሁለተኛውን እንኳ ገና አላጋመሱትም።

አጠገቤ የምትቀዳ ቡርቱካን የምትባል ጎረቤት ነበረች። «እንዲህ ያለ ጠላ ከጠጣሁ ቆይቻለሁ» አልኳት።

«የሸዋዬ እጅ ነዋ።» ደስ አላት። «ማንም አይደርስባት።»

«አንቺም ሳታግዣት አልቀረሽም።»

«ጌሾውን የወቀጥኩት እኔ ነኝ። ክንዴ እስኪዝል ነው የወቀጥኩት፣ ገና በዋለ ማግስት፣» አለችና ድንገት ዝም አለች። ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ሸዋዬ አየች።

የገና በዓል ከዋለ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖታል። በላይ ከሞተ ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው። ዋናውን ማስረጃ ትናንት እንድሪስ በደጁ አልፎት ነበር። እኔ ነኝ ሞኙ፤ የጠላ ቤት ለመመርመር ጠላ የማይቀምስ ሰው ልኬ ነበር።

*

ወይዘሮ ሸዋዬን ከዳሱ ጀርባ፣ ከግንቡ ሥር አገኘኋቸው። መደብ ላይ ተቀመጥኩና እሳቸውም ከፊቴ ተቀመጡ።

«ጠላዎ የበሰለ ነው፣ እትዬ ሸዋዬ።»

«ባለቤቴ ጉሽ አይወድም ነበር።»

«ተዝካሩን የጠሩት ዓርብ ነው። ዓርብ ጠርተው ለእሑድ የሚደርስ አራት ጋን ጠላ የለም። ጉሽ ቢሰጡኝ ኖሮ ምንም አላውቅም ነበር።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሁለት ዓመት ያስጠበቅሁትን ሰው በጉሽ ላስታውሰው?» አሉ በመጨረሻ። ቁጣም ፍርሃትም የለበትም። «በላይ ዘንድሮ ይመጣል ሲባል ሰማሁ፣ ብቅሉን አበቀልኩ። ወዲያውስ አንተ መጠጥህን ጠጥተህ ብትሄድ ምን ነበረበት? አምስቱ ሴቶች መስክረውልኛል።»

«አልሄድም። ነገ በሦስት ሰዓት አንድ ሰው ወደ ደሴ ይወሰዳል። መዶሻው የሱ ነው። ከተወሰደ ተመልሶ አይመጣም።»

«የማን ነው መዶሻው?»

«የአረጋዊ። የአንጥረኛው።»

ሴትየዋ ፊታቸው ተለወጠ። «የዚያ የአንጥረኛው ልጅ? የአባቱ እጅ ነው እኮ ድሪዬን የሠራው።» እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ፣ ባዶ ነበር። «መዶሻ ነበር እጄ የገባው። የማን ይሁን አላየሁም። የንጹሕ ሰው ደም አንገቴ ላይ ይሁን ብዬ አይደለም የወርቁን ደም የመለስኩት።»

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በድርቁ ጊዜ ወርቁ ድሪውን ለበላይ ሰጥቶ የእህል ካርድ አገኘ። በአሥረኛው ቀን ስማቸው ከመዝገብ ተሰረዘ። ወርቁ ወይ ካርዴን ወይ ድሪዬን ሊል ሄደ። በላይ ዘበኞቹን ጠርቶ አስደበደበው።

«መጋዘኑ ደጅ ሦስት ቀን ተኝቷል» አሉ። «በሦስተኛው ቀን በላይ ብቅ አለና አንድ እፍኝ ስንዴ ፊቱ ላይ በተነበት። ያውልህ ድርሻህ አለው። ወርቁ አፉን መክፈት አልቻለም። እሱ ከሞተ በኋላ ያንን ስንዴ ከመሬት አንድ በአንድ ለቀምኩና በመቀነቴ ቋጠርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቤ ላይ ነበር።»

«ሐሙስስ?»

«ቀትር ላይ ሳቀብኝ። ሠርገኛው ሲያልፍ ተመለስኩና፣ ድሪዬን ብቻ ስጠኝ፣ በሌላው እግዜር ይፍረድ አልኩት። እውነቴን ነው፣ ቢሰጠኝ እመለስ ነበር። እሱ ምን አለኝ መሰለህ? ድሪሽ ከጓድ ካሳሁን ሚስት አንገት ላይ ነው፣ ሂጂና አውልቂያት አለኝ። ድርሻውን ከመጋዘኑም ከዕቃውም እኩል ነው የወሰደው አለኝ። እየሳቀ ጀርባውን ሰጠኝ።» መሬቱን አዩ። «ካርዳችንን የሰረዘው ካሳሁን ራሱ ነው። በላይ የሱ እጅ ነበር። እጁን ቆረጥኩ፣ ሰውየው ግን አለ። እንደዚህ መቅረቱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ያ ፎቶግራፍ ትዝ አለኝ። ወንበዴ ተይዟል ያለው፣ ስንዴ ስንዴ ነው ያለው፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት ብሎ የቸኮለው። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፣ በቀል የሰው ሥራ አይደለም ብዬ አስተምር ነበር። ያን ቀን ግን እኔንም በቀል አማረኝ፤ ልዋሽ አልችልም።

«ለእኔ የነገሩኝን ነገ ጠዋት ቃል አድርገው ይሰጡኛል?» አልኳቸው። «የሁለቱንም ስም?»

«ትጽፈዋለህ?»

«እንዳሉት አድርጌ እጽፈዋለሁ።»

«እንግዲያው ልጨርስና እመጣለሁ። እንግዳ ትቼ አልነሳም።»

ጠበቅኋቸው። የመጨረሻው ሰው እስኪሸኝ ድረስ ቀዱ፣ አቀረቡ፣ ምርቃቱን ተቀበሉ። ጓዳ ገቡና ከሉን አውልቀው ነጭ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ለብሰው ወጡ። ቡርቱካን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ «አብሽሪ፣ ጠላው ጥሩ ስለነበረ ነው» አሏት። ከዚያ በእንድሪስና በእኔ መሐል ሆነው ወደ መንገዱ ወረዱ።

*

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ ቃላቸውን ጻፍኩ። በካርቦን ሦስት ቅጂ አወጣሁ፣ በሦስቱም ላይ የጣታቸውን አሻራ አደረጉ። አንዱን እንድሪስ በኪሱ ይዞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደሴ ለሚገኙት አለቆቼ ሄደ። ሁለተኛውን ለራሴ አስቀመጥኩ። ሦስተኛውን ጓድ ካሳሁን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል መጥቶ አነበበው። ሲያነብ ጆሮው ቀላ።

«ይህ መስመር ይውጣ» አለኝ በጣቱ እያሳየ።

«የእኔ መስመር አይደለም፣ የእሳቸው ቃል ነው።»

«ይውጣ ብያለሁ።»

«ከዚህ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከደሴው ግን አይወጣም፤ አውቶቡሱ ሐይቅን ሳያልፍ አልቀረም።»

ልብ ብሎ አየኝ። «ታየዋለህ» አለና ወረቀቱን ጥሎልኝ ወጣ። አረጋዊን የፈታሁት ከዚያ በኋላ ነው። ብርኽቲ ከበሩ ላይ ሆና አላመነችም፤ ቀርባ ፊቱን ዳስሳ ነው ያመነችው። እሱ ደግሞ ዞር ብሎ ሸዋዬ ያሉበትን ክፍል አየ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ሚስቱን ይዞ ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ያለኝ መስዬ ጓድ ካሳሁን ቢሮ ገባሁ። እሱ አልነበረም። ፎቶግራፉን ጠጋ ብዬ አየሁት። ጠገራው አለ፤ ንግሥቲቱም በራሷ ቁልቁል ናት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከደሴ ሁለት መርማሪዎች መጡ። ለወርቁ አዝነው አልመጡም፣ እንዲህ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ካሳሁን ከበላይ ጋር ሲበላ ለአለቆቹ አለማቅመሱ ነው ያናደዳቸው። እኔ ግን ምክንያታቸው ግድም አልሰጠኝም። እሱ ታሰረ፤ ድሪው ማስረጃ ተብሎ ተያዘ። እኔም በዚያው ሰሞን ከወልድያ ርቆ ወደሚገኝ ጣቢያ የሚያዛውር ደብዳቤ ደረሰኝ። «ታየዋለህ» ያለው አልቀረም።

ዕቃዬን ከመጫኔ በፊት የመጨረሻ ሥራዬ ድሪውን ወልድያ እስር ቤት ወስጄ ባለቤቷ ለይታ እንድታውቀው ማድረግ ነበር። ወይዘሮ ሸዋዬ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ጠገራውን በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ወደ አንገታቸው አስጠጉት፣ መልሰውም ሰጡኝ።

«የኔ ነው» አሉ። ፈርሙ ባልኳቸው ቦታ ላይ ጣታቸውን አደረጉ። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ስታወልቀው አለቀሰች?»

የካሳሁንን ሚስት ማለታቸው ነው። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ የደሴዎቹ ናቸው ያወለቋት፣ ምን እንደሆነችም አልነገሩኝም።

«በጣም ነው ያለቀሰችው» አልኳቸው።

ወይዘሮ ሸዋዬ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ሁለት ዓመት ስንዴ የተቋጠረበትን መቀነታቸውን ላላ አድርገው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።